መሬቱ ያልፈረመው ውል

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በመኪና የተጓዘ ሰው የዓባይን በረሃ አይረሳውም፡፡ ጎሐ ጽዮን ላይ ብርዱ ያንዘፈዘፈው ተሳፋሪ ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ሹራቡን አውልቆ መስኮት ይከፍታል፣ ደጀን ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይለብሳል፡፡ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች መንገድ ውስጥ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ተወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል፡፡ ሾፌሮች ግን ከቁልቁለቱ በላይ የሚያወሩት ሌላ ነገር ነው፡፡ አስፋልቱ አንድ ቦታ ላይ ያብጣል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይሰምጣል፣ ባለፈው ዓመት ቀጥ ያለው ጠርዝ ዘንድሮ ወደ ገደሉ ዘመም ብሎ ይታያል፡፡ መንገዱ የተበላሸው ያለ ዕድሜው ያረጀ ስለሆነ ብቻ አይደለም፡፡ የተቀመጠበት መሬት ራሱ ይሄዳል፡፡

ይህን መንገድና በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ለአገልግሎት የበቃውን 303 ሜትር ርዝመት ያለውን የሕዳሴ ድልድይ የሠራልን የጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ነው፡፡ ጃፓኖች በመሬት መንሸራተት ጉዳይ ከእነሱ በላይ ልምድ ያለው አገር ማግኘት ይቸግራል፡፡ እንዲያም ሆኖ መንገዱ ታድሶ ብዙም ሳይቆይ መሬቱ መንቀሳቀሱን ቀጠለ፡፡ ከላይ ባዛልት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይና አሸዋ ድንጋይ፣ በመሃል ውኃ ሲያገኝ የሚላቀቅ ጭቃማ ድንጋይና ጂፕሰም የተደራረበበት ሸለቆ ነው፤ የክረምት ውኃ ሲገባበት ተዳፋቱ ላይ የተከመረው አፈር ቁልቁል ይንሸራተታል፡፡ ጃፓኖቹ ታዲያ ምን አደረጉ? «ዲዛይናችን ትክክል ነበር፣ ጥፋቱ የመሬቱ ነው» ብለው አልሄዱም፡፡ በ2002 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆነው መሬቱ በየት በኩል፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ የሚለኩ መሣሪያዎችን ተክለው ጥናት ጀመሩ፡፡ ነገሩን የተረዱት እንዲህ ይመስለኛል፤ በዚህ ሸለቆ ውስጥ መንገድ አንድ ጊዜ ተነድፎ፣ ተሠርቶ፣ ሪባን ተቆርጦ የሚያልቅ ነገር አይደለም፡፡ እየተለካ፣ እየተስተካከለ የሚኖር ነው፡፡

የእኛ የግንባታ አስተዳደር ግን በተቃራኒው እምነት ላይ የቆመ ነው፡፡ ዕቅድ ከጸደቀ ጸደቀ፣ ውል ከተፈረመ ተፈረመ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ሁሉ ወይ የአማካሪው ስንፍና ነው፣ ወይ የተቋራጩ ሌብነት ነው፡፡ ይህ እምነት ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም፤ ስንፍናውም ሌብነቱም ስላለ ነው፡፡ ዳሩ ግን መድኃኒቱ በሽተኛውንም እየገደለው እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ፡፡

ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፡፡ ከደጀን ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ ዳር በአንዲት የገጠር ከተማ ውስጥ የሚሠራ የትምህርት ቤት ሕንፃ ተቋራጩንና አሠሪውን መሥሪያ ቤት አጣልቶ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት በሽምግልና ይለቅ ተብሎ እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኜ ተጠራሁ፡፡ የማንንም ስም አላነሳም፣ አብዛኞቹ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው፡፡ ሕንፃው ቀላል ነው፤ አራት መማሪያ ክፍል፣ አንድ የመምህራን ክፍል፡፡ የሥራ ዝርዝሩ መሠረቱ አንድ ሜትር ተኩል እንዲቆፈር ያዛል፡፡ ያ አገር ደግሞ ዋልካ ነው፡፡ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እየሰነጠቀ አፉን ይከፍታል፣ በክረምት ያብጣል፡፡ ጤፍ ሲዘሩበት ማኛውን የሚሰጥ፣ ቤት ሲሠሩበት ግን የሚከዳ መሬት ነው፡፡

አንድ ሜትር ተኩል ተቆፈረ፣ ዋልካው አላለቀም፡፡ ወጣቱ የሳይት መሐንዲስ ተጨማሪ አስቆፍሮ ጠንካራውን መሬት ያገኘው ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፡፡ ሥራው ግልጽ ነበር፤ ወይ እዚያ ድረስ መውረድ፣ ወይ ዋልካውን አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፡፡ ሁለቱም ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቃሉ፡፡ መሐንዲሱ ደብዳቤ ጻፈ፡፡ ደብዳቤው ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ሄደ፣ ከዞን ማብራሪያ ተጠይቆበት ተመለሰ፣ ማብራሪያው ተጽፎ እንደገና ሄደ፡፡ አራት ወር ፈጀ፡፡ በመሃሉ ሰኔ ገባ፤ ጉድጓዱ ውኃ ሞላ፣ ግድግዳው ተናደ፡፡ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ አለቀና ያልተከፈለው ገንዘብ ወደ ካዝና ተመለሰ፡፡ በሚቀጥለው ዓመት ምን ተደረገ መሰላችሁ? በዝርዝሩ መሠረት አንድ ሜትር ተኩል ላይ ተሠራ፡፡ ምክንያቱም ዝርዝሩ እንደዚያ ይላላ!

እኛ ለሽምግልና ስንቀመጥ ሕንፃው ተሠርቶ ሁለት ክረምት አልፎበት ነበር፡፡ የሁለተኛው ክፍል ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ክንድ የሚያሾልክ ባይሆንም ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው፤ ርዕሰ መምህሩ ልጆቹን አውጥተው ሁለት ክፍል በአንድ ላይ ያስተምሩ ነበር፡፡ ከወላጅ ኮሚቴው የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ዳር ላይ ሆነው ሲያዳምጡ ቆይተው፣

«ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ወረቀት ስትጻጻፉ አንድ ቀን እኛን ብትጠይቁን ምን ነበረበት?» አሉት መሐንዲሱን፡፡ «አባቶቻችን እዚህ ሜዳ ላይ ቤት ሠርተው አያውቁም፡፡ ቤት የሚሠራው እዚያ ጉብታው ላይ ነው፡፡»

ልጁ አቀርቅሮ፣ «አባባ፣ እኔም አውቄ ነበር፡፡ ብፈርም ግን ኦዲተር ሲመጣ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አለ፡፡

ይህች «ተጠያቂው እኔ ነኝ» የምትል ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣችም፡፡ የኢትዮጵያን የግንባታ ችግር በሲሚንቶ እጥረት፣ በውጭ ምንዛሪና በሙያተኛ ማነስ ስናስረዳ ኖረናል፤ ሁሉም እውነት ናቸው፡፡ ይህቺኛዋ ግን በሪፖርት ላይ አትጻፍም፡፡

በሕግ ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ቁጥር 1731 እንደ ውዳሴ ማርያም እንወጣዋለን፤ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ ነው፡፡ ቁጥር 1763ና 1764ም ተከትለው ይመጣሉ፤ ዳኛ በርትዕ ስም ውል ሊያሻሽል አይችልም፣ የአፈጻጸሙ ሁኔታ ቢለወጥም ውሉ እንደጸና ይቆያል፡፡ ቁጥር 1794 ደግሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት አይደለም ይላል፡፡ ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ሕጉ ለለውጥ ቦታ የለውም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፡፡ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕግ አገልግሎትም የሚያነበው እስከዚህ ድረስ ነው፡፡

ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው ያው ሕግ ከሺሕ የሚበልጡ ቁጥሮችን አልፎ ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውል ሲናገር ሌላ ቋንቋ ይናገራል፡፡ ከቁጥር 3179 ጀምሮ እንደተደነገገው አስተዳደሩ በውሉ ውስጥ ባይጻፍም እንኳ ሁኔታዎች ሲለወጡ ውሉን ለማሻሻል መብት አለው፤ ውሉ ጥቅም የሌለው ወይም የማይስማማ ሲሆን ደግሞ ማቋረጥም ይችላል፡፡ በሌላ በኩል፣ ቁጥር 3183ና ተከታዮቹ ሁለቱ ወገኖች ሊያስቡት የማይችሉት ሁኔታ ተፈጥሮ የውሉን ሚዛን ሲያናጋው አስተዳደሩ የኪሳራውን ድርሻ እንዲካፈል ያስገድዱታል፡፡ ተቋራጩ ሥራውን ጥሎ አይሄድም፤ መንግሥትም «የራስህ ጉዳይ» ብሎ አይቀመጥም፡፡ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ይህን ሲያረቁ የአገራቸው ሸንጎ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የከሰል ዋጋ ንሮበት ከተማዋን ማብራት ላቃተው የቦርዶ ጋዝ ኩባንያ የሰጠውን ፍርድ በአእምሯቸው ይዘው እንደነበር አያጠራጥርም፡፡ መብራቱ እንዳይጠፋ ተብሎ የተፈጠረ ሕግ ነው፡፡

ከዚህ ላይ የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን፣ የዛሬው አስተዳደር፣ ለረዥም ጊዜ ሲጠቀምበት የኖረውን የፊዲክ 4ኛ ዕትም ጨምሩበት፡፡ አንቀጽ 12 ልምድ ያለው ተቋራጭ እንኳ አስቀድሞ ሊያየው ያልቻለው የመሬት ሁኔታ ሲገጥም ጊዜና ወጪ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 51 መሐንዲሱ ለውጥ እንዲያዝ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ አንቀጽ 70 የዋጋ ማስተካከያ ነው፡፡ የሥራና ከተማ ልማት ሚኒስቴር ያወጣውን የሕንፃ ውል ሁኔታ እንኳ ብናይ ለውጥ የሚታዘዝበት መንገድ አለው፡፡ እንግዲህ ሕግ አላጣንም፤ የቢቸናውን መንገድ መሐንዲስ ያንን ደብዳቤ ሳይሆን ትዕዛዝ እንዲጽፍ የሚያስችለው ሕግ ነበረ፡፡ ያልነበረው ከጻፈ በኋላ የሚያድረው ሰው ነው፡፡

በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 በሥልጣን አላግባብ መገልገልንና የመንግሥትን ሥራ በማያመች አኳኋን መምራትን በወንጀል ይቀጣል፡፡ መቅጣቱ ተገቢ ነው፡፡ ነገር ግን በተግባር ስናየው ዋጋ የጨመረ ፊርማ ሁሉ ሲመረመር፣ ባለመፈረም የጠፋ ገንዘብ ግን የሚጠይቀው የለም፡፡ የተሰነጠቀው ትምህርት ቤት ሒሳብ ንጹሕ ነው፤ የተከፈለው ከውሉ ጋር አንድ ሳንቲም አይለያይም፡፡ ኦዲተሩ ደስ ብሎት ይወጣል፡፡

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ እንደ ልባቸው ይቀያይሩ እያልክ ነው?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል፡፡ አይደለም፡፡ ለውጥን እንደ ልብ ማድረግ ምን እንደሚያመጣም አይተናል፡፡ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል የማመንጨት አቅሙ 5,250 ሜጋ ዋት ነው ተባለ፤ ከዚያ 6,000 ሆነ፣ ከዚያ 6,450፣ በመጨረሻም ወደ 5,150 ወረደና ተርባይኖቹ 13 ሆኑ፡፡ ሥራው በሒደት መታረሙ በራሱ ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም የኋለኛው ቅነሳ ከውኃው መጠን ጋር የተቀራረበ ውሳኔ ነበር፡፡ ነውሩ ሌላ ነው፡፡ የኤሌክትሮ ሜካኒካልና የብረታ ብረት ሥራው ልምድ ለሌለው ለሜቴክ ሲሰጥ፣ ሥራው ሲጓተት፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እስኪነጠቅ ድረስ ለዓመታት ምን እንደተለወጠ፣ ማን እንደለወጠው፣ ለምን እንደተለወጠ ቦንድ የገዛው ሕዝብ አያውቅም ነበር፡፡ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ደስ ብሎናል፤ ደስታው ግን ያንን ጥያቄ አይሽረውም፡፡

የአዲስ አበባው 40/60 የቤቶች ፕሮግራምም ተመሳሳይ ነው፡፡ ዲዛይኑ በመሃል ተቀይሮ የወለሉ ብዛትና የቤቶቹ ስፋት ተመዝጋቢው ከጠበቀው የተለየ ሆኖ ተገኘ፡፡ ቆጣቢው ደመወዙን እየቆረጠ ሲያስቀምጥ አንድ ቀን እንኳ «ልንቀይረው ነው፣ ምን ትላለህ?» ያለው አልነበረም፡፡ ይህ ተለዋዋጭነት ሳይሆን የአንድ ወገን ፈቃድ ነው፡፡ በስልክ የሚታዘዝ ለውጥና በጽሑፍ የሚታዘዝ ለውጥ ስማቸው አንድ ቢሆንም ዘራቸው ለየቅል ነው፡፡

የደብረ ማርቆስ ሰዎች የራሳቸው ታሪክ አላቸው፡፡ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቁ ወደ ዓባይ የሚወርዱትን የጨሞጋንና የየዳን ወንዞች ገድቦ 280 ሜጋ ዋት ገደማ ያመነጫል የተባለው ፕሮጀክት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ የቻይና ኩባንያ ጋር ውል ተፈርሞለት ነበር፡፡ ከተማው ሥራ ይገኛል፣ ቤት ይከራያል ብሎ ጠብቋል፡፡ ግድቡ አልተሠራም፡፡ ምናልባት መተዉ ትክክል ይሆናል፤ አገሪቱ ገንዘቧን ወደ ትልልቆቹ ማዞሯ የራሱ አመክንዮ አለው፡፡ ዕቅድ መተውም የዕቅድ አካል ነው፡፡ ነገር ግን «ትተነዋል፣ ምክንያቱም ይኼና ይኼ ነው» ብሎ ለጎዛምን ገበሬ ያስረዳ ባለሥልጣን መኖሩን እኔ አልሰማሁም፡፡

የጎጃምን ገበሬ ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ ተለዋዋጭ ዕቅድ ከማንም መጽሐፍ በላይ የሚያስተምር እሱ ነው፡፡ ክረምቱ ደህና ከገባለት ዋልካው ላይ በሐምሌ ጤፉን ይዘራል፡፡ ዝናቡ ካወከው ወይም ጤፉ ከተበላሸበት አርሶ ገልብጦ በመስከረም መሬቱ በያዘው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ያበቅልበታል፡፡ ዕቅድ የለውም ማለት ነው? ሁለት ሦስት ዕቅድ አለው እንጂ፤ መቼ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሻገርም አስቀድሞ ያውቃል፡፡ የእኛ የግንባታ መርሐ ግብር ግን በሬውንም ዝናቡንም አይቶ አያውቅም፡፡ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፡፡ ገንዘቡ ወረዳ እስኪደርስ መስከረም ይጠባል፣ ጨረታው ወጥቶ ተገምግሞ ውል ሲፈረም ታኅሣሥ ወይም ጥር ነው፡፡ በደጋው ጎጃም ደግሞ መሬቱ ደርቆ መሥራት የሚቻለው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው፡፡ ከስምንት ወር በጋ ግማሹን ለወረቀት ሰጥተን በቀረው እንሯሯጣለን፤ ሰኔ ላይ «በጀቱ እንዳይመለስ» ተብሎ በዝናብ ውስጥ ኮንክሪት ይሞላል፡፡ ይህን ያየ ሁሉ ያውቀዋል፣ ማስተካከያው ግን ተራ ነገር ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ የሚፈጅ ሥራ በጀቱ ከዓመት ዓመት እንዲሻገርለት፣ ጨረታውም በክረምት እንዲያልቅ ማድረግ፡፡ አንዳንድ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለትልልቅ ፕሮጀክቶች የሚያደርጉት ነው፣ አራት ክፍል ለሚሠራው ወረዳ ግን አልወረደም፡፡

አሁን ያለንበት ሁኔታ ደግሞ ጉዳዩን ለነገ የምናሳድረው አያደርገውም፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፡፡ ከዚያ ቀን በፊት በቁርጥ ዋጋ ተዋውሎ ፌሮና ሬንጅ ሳይገዛ የቀረ ተቋራጭ ሁለት ምርጫ ብቻ ቀረለት፤ ወይ ከሥሮ መጨረስ፣ ወይ ሳይት ጥሎ መጥፋት፡፡ «ቁጥር 1794 ዋጋ መናር ከአቅም በላይ አይደለም ይላል» ብሎ የሚመልስ የሕግ ክፍል ሕጉን አልተሳሳተም፣ ቁጥር 3183ን ግን አላነበበም፡፡ ለዚያውም ዋጋውን የለወጠው ራሱ መንግሥት ነው፡፡

በአማራ ክልል ደግሞ ከዚህ የከፋ አለ፡፡ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጎጃም ውስጥ ግጭቱ ስንቱን መንገድ ዘግቶ ስንቱን ሳይት እንዳስቆመ የማያውቅ የለም፡፡ የሰው ሕይወት እየጠፋ ስለ ኮንክሪት ማውራት ያሳፍራል፡፡ ነገር ግን የጤና ጣቢያውም የትምህርት ቤቱም ግንብ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ግማሹ ተሠርቶ ቆሟል፣ አንድ ቀን ውሉን ገልጦ የሚያይ ሰው ይመጣል፡፡ ሕጉ የእርስ በርስ ጦርነትን ከአቅም በላይ ከሆኑት ምክንያቶች ይቆጥረዋል፣ ፊዲክም ከአሠሪው ሥጋት ይመድበዋል፡፡ ስለዚህ ተቋራጩን «ዘገየህ» ብሎ ቅጣት ማስከፈል አይቻልም፡፡ አሳሳቢው የወረቀቱ ጉዳይ ነው፡፡ ሥራው የቆመበት ቀን፣ በዚያን ቀን የነበረው የሥራ መጠን፣ ሳይት ላይ የቀረው ብረትና ማሽን በጽሑፍ ካልተመዘገበ፣ ነገ ሰላም ሲሆን ሐቀኛው ማስረጃ አጥቶ ሲቀጣ፣ አጭበርባሪው ያልሠራውን «ሠርቼ ፈረሰብኝ» ይላል፡፡ ይህንን ምዝገባ ለማድረግ ጦርነቱ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መድረስ በተቻለበት ሁሉ ዛሬ ሊደረግ ይችላል፡፡

እኔ ብጠየቅ የምለው ብዙ አይደለም፡፡ በየፕሮጀክቱ መጠባበቂያ ተብሎ የሚያዘው ገንዘብ የሳይቱ መሐንዲስና አማካሪው በጋራ ፈርመው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ የሚያዙበት ይሁን፤ ከዚያ በላይ ያለው ለበላይ ይሂድ፣ ግን መልስ የሚሰጥበት ቀን ይቆረጥለት፣ ቀኑ ካለፈ ዝም ያለው ኃላፊ በስሙ ይጠየቅ፡፡ እያንዳንዱ ለውጥ ምክንያቱና ዋጋው ተጽፎ ሳይቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ወላጅ ኮሚቴው ያንብበው፡፡ ኦዲተሩም ከወረቀቱ ጋር አንድ መሐንዲስ ይዞ ይሂድ፤ የተከፈለውን ብቻ ሳይሆን የተሰነጠቀውንም ይቁጠር፡፡

የዚያ ትምህርት ቤት ሽምግልና በምን አለቀ ላላችሁኝ፣ ተቋራጩ ከያዘበት መያዣ ገንዘብ የተወሰነውን ትቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ክሱን ትቶ ተጨባበጡ፡፡ ስንጥቁ በሲሚንቶ ተደፈነ፡፡ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ሞጣ ስሄድ ቆም ብዬ አየሁት፤ ልጆቹ ጉብታው ላይ ወላጆች አዋጥተው ባቆሙት የጭቃ ክፍል ውስጥ ይማራሉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ የማዳበሪያ ጆንያ ተከምሮበታል፡፡